መቶ ሰማንያ እፍኝ ገብስ

ታንጉ የመጨረሻዎቹን ስድስት ጠጠሮች መደቡ ላይ ደረደረችና ረድፎቹን ቆጠረች። ሠላሳ። አንድም ጠጠር አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ።

«አባባ፣ ደረሰልን!» አለች። «የቀረን ገብስ መቶ ሰማንያ እፍኝ ነው። ስድስት ነን። ለሰው በቀን አንድ እፍኝ፣ ሠላሳ ቀን። ዛሬ ነሐሴ ገባ፤ ለመስከረም እሸት ይደርሳል።»

አምና አንበጣ አዝመራውን በላው፤ ከአንበጣ የተረፈውን አሥራት ወሰደው። ወገዳ ገበያ ላይ እህል ከታየ ወር አልፏል።

የባሏ አባት መሪጌታ ላቀው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዓልና ጾም የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ኖረዋልና ቀን አይስቱም።

«ጳጉሜስ?» አሉ ቀስ ብለው።

ታንጉ ክው አለች። ምን ነክቷት ነው? ጳጉሜ ይረሳል?

«አምስት ቀን...»

«ስድስት። ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ነው።»

ሠላሳ ስድስት ቀን! ረድፎቹን አፈረሰቻቸው። አራት አራት ብታደርጋቸው አርባ አምስት ቀን ያደርሳሉ፤ ግን ማንና ማንን ታስቀር? አምስት አምስት ደረደረች። እባክህ አትግጠም እያለች ደረደረች። ሠላሳ ስድስት ረድፍ፣ ያለ ቀሪ። ባሏ፣ ሦስቱ ልጆቿ፣ እሷ። ጠጠሮቹን ጠላቻቸው።

«ስንት በስንት መጣ?»

«አልገጠመም አባባ።»

ሽማግሌው የጠጠሩን ድምፅ ሲቆጥሩ ነበር። «አምስት በሠላሳ ስድስት» አሉና ዱላቸውን ዳብሰው ተነሡ። «ፍልሰታ ገብቷል። እመቤታችን ደጅ ሱባኤ እገባለሁ።»

ሱባኤ የሚገባ ሰው ስንቅ ይቋጥራል። እሳቸው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ታንጉ አንድ እፍኝ ገብስ ዘግና ደጃፍ ላይ ደረሰችባቸው።

«ይህን እንኳ ይያዙ፣ አፈር ስሆን!»

«ይቅር ልጄ፤ ለልጆቹ ይሁን።»

በአገሩ ወግ ሰው በመጀመሪያው ልመና እሺ አይልም፤ ሁለቴ ሦስቴ ተለምኖ ነው የሚቀበል። መሪጌታ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጥቂት ቆሙ።

ታንጉ አፏን ከፈተች። ከጓዳ ትንሿ ልጇ ጥሩዬ «እማ፣ ራበኝ» ስትል ሰማች። አፏን መልሳ ገጠመች።

ዱላው ድንጋይ እየነካካ ቁልቁለቱን ወረደ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ገብሱን ጎታው ውስጥ መለሰች፤ መዳፏ ላይ ተጣብቃ የቀረችውን አንዲት ፍሬም ለቅማ ጨመረቻት።