ሁለት ሾርባ

የትናንቱ የተርኪ ዶሮ አጥንት ድስቱ ውስጥ አልገባ ብሎኝ በሁለት እጄ ይዤ ስሰብረው፣ በኩሽናው መስኮት የአባቴን አሮጌ ፒክአፕ አየሁት። በረዶውን እየጨፈለቀ ግቢያችን ገባ።

ያገኘሁትን ፎጣ ጎትቼ ጠረጴዛው ላይ በቀረው ሥጋ ላይ ጣልኩበት። ምን ዋጋ አለው! ግማሹ አጥንት እየፈላ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል።

ረቡዕ ዕለት ደውዬ፣ «አባዬ፣ ቤቱ በሙሉ ታሟል። ልጆቹ ያስመልሳቸዋል፣ ግራንትም አልጋ ላይ ነው። የዘንድሮውን የምስጋና ቀን ምሳ ትተነዋል» ብዬው ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን አሥር ሰው ሆነን ማዕድ ቀረብን። የባሌ የግራንት ወላጆች፣ ወንድሞቹ፣ ሚስቶቻቸው።

አምና በዚሁ በዓል እናቴ ከሞተች አራት ወሯ ነበር። ሁሉም በየተራው ስለምን እንደሚያመሰግን ሲናገር አባቴ ጋ ደረሰ። ተነሥቶ ስሟን ጠራ፤ ከዚያ በኋላ እንባውን ማቆም አቃተው። ምግቡ ቀዘቀዘ። አማቴ ሳህኗን ስታይ ቆየች፣ ልጆቼ ፈርተው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ዘንድሮ ለቅሶ የሌለበት አንድ ምሳ ነበር የፈለግሁት። ሌላ ክፋት አልነበረኝም።

የጓሮውን በር በትከሻው ገፍቶ ገባ። በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ታቅፏል፤ ክዳኑ እንዳይወድቅ በሲባጎ አስሮታል።

«ጆሲ! ታመሽ ቆመሽ ትሠሪያለሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ አባዬ።»

«የዶሮ ሾርባ ነው። እንደ እናትሽ አድርጌ ልሠራው ሞክሬ ነበር፣ ፓስታው ግን ሙክክ ብሏል። ልጆቹ እምቢ ካሉ ለውሻው ስጪው።»

«ውሻ የለንም እኮ።»

«ታዲያ ለግራንት ስጪዋ!»

ድስቱን የሚያስቀምጥበት ሲፈልግ ዓይኑ ዞረ። ታጥበው የተደፉት ብርጭቆዎች፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ ከፎጣው ሥር ብቅ ያለው የተርኪ ጭን። ሁሉንም አየ። ሲያይም አየሁት።

«ልጆቹስ?» አለ ቀስ ብሎ።

ተኝተዋል ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልወጣልኝም። «ከአባታቸው ጋር ሲኒማ ሄዱ።»

«ጥሩ ነው። ልጅ ሆዱ ሲሻለው ወዲያው መጫወት ነው የሚያምረው።»

ምነው በጮኸብኝ! ድስቱን ምድጃው ላይ ከእኔው ድስት ጎን አስቀመጠ፣ ኮቱን ሳያወልቅ እጁን ታጠበና ፎጣውን ገለጠው።

«ጀርባውን አትጣይ፤ ጥሩው ሥጋ እዚያ ነው ያለው» አለና በጣቱ ይፈለፍል ጀመር።

ጎን ለጎን ቆመን ትንሽ ሠራን።

«አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ።»

«አውቃለሁ።» እጁ አላረፈም። «ረቡዕ ስታወሪኝ ግራንት ከኋላሽ ‹ወንበር ይበቃናል ወይ?› ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ሾርባውን ለምን...»

«ባዶ እጄን ልምጣ?»

ሽንኩርት ላጥኩ። ቆይቶ፣ «ግራንት መቼ ይመለሳል?» አለኝ።

«ሩብ ሰዓት ቢቀረው ነው።»

«እንግዲያው መንገዱ ሳይብስ ልሂድ።» እጁን ጠራረገ።

«ቆይ እንጂ» አልኩት። ከልቤ እንዳልሆነ ሁለታችንም ሰማነው። ግንባሬን ስሞኝ ወጣ።

ሾርባውን ላሙቀው ብዬ ሲባጎውን ፈታሁ። ካሮቱ የአውራ ጣት ያህል እየሆነ ተከትፏል። ከላይ፣ ድስቱ ጎን ላይ፣ ስቡ ደርቆ ዙሪያውን መስመር ሠርቷል፤ ሾርባው ከመስመሩ በታች ወርዷል። የጎደለው አንድ ሳህን ያህል ነው። የበዓሉን ምሳ ከዚህ ድስት ቀድቶ ብቻውን በልቷል።

በሹራብ ብቻ ሮጬ ወጣሁ። ሞተሩን አስነሥቶ መስታወቱ እስኪጠረግ እየጠበቀ ነበር። በሩን ከፈትኩና በላዩ ተሻግሬ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ነቀልኩት።

«እጅሽ ሁሉ ስብ ነው እኮ!» አለኝ።

«ለልጆቹ አንተ ታመህ እንደቀረህ ነው የነገርኳቸው» አልኩት። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

«እንግዲህ ድኗል በያቸዋ» አለና የመቀመጫውን ቀበቶ ለመፍታት ይታገል ጀመር። መቆለፊያው እምቢ አለው፤ ጎንበስ ብዬ ፈታሁለት። የመኪናው መጥረጊያ መስታወቱ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በረዶው በላዩ ላይ መቆለል ጀምሯል።