የመጨረሻዋ ብልቃጥ

አንደኛው የሞተረኞች ማኅበር አድማ ጠርቶ፣ ተቀናቃኙ ማኅበር «ሥሩ» ባለበት ቀን፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ አድመኞች ዕቃ አድራሹን ሞተረኛ አደባባዩ ላይ አስቆሙት። የእሱ ሰደርያ የተቀናቃኙ ማኅበር አረንጓዴ ነበር።

«ውረድ» አለው ትከሻ ሰፊው መሪያቸው። «እኛ ለእናንተም ጭምር ጦማችንን እየዋልን፣ አንተ ለእነዚያ ሆዳሞች ታመላልሳለህ?»

«ወንድሜ፣ ምግብ አይደለም፣ ኢንሱሊን ነው» አለ ሞተረኛው ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፎ። «ከተማው ውስጥ ጠፍቶ፣ ይቺ አንድ ብልቃጥ ብቻ ቀረች ብለው ነው የሰጡኝ። የሚጠብቁት አሮጊት ናቸው። ብልቃጧን ላድርስና ሞተሬን ውሰዱት፣ ሰደርያዬንም አቃጥሉት።»

«ስትያዙ ሁሌም መድኃኒት ነው የምትሉት» አለ መሪው። ሳጥኑን ነጥቆ አስፋልቱ ላይ ዘረገፈው። ብልቃጧ ከማቀዝቀዣው በረዶ ጋር ወጥታ ተሰበረች።

ሞተረኛው ተንበርክኮ ፈሳሹን በመዳፉ ሊያፍስ ሞከረ፤ አስፋልቱ ቀድሞ ጠጣው። አድመኞቹ አጠገቡ ቆመው ሲስቁ፣ ሌላ የሚያደርገው ቢጠፋው ስልኩን አወጣ። ሠፈሩ ሲደርስ ደውሎ አቅጣጫ እንዲጠይቅ የአሮጊቷ ልጅ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቢያንስ አሮጊቷና ልጃቸው እሱን ተስፋ አድርገው አይቀመጡ፤ በጊዜ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ደወለ። መሪው ሳቁን አቋርጦ የሚጮኸውን ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«አቤት» አለ፣ ፊቱን ከሰዎቹ መለስ አድርጎ። «ደረስክ እንዴ? እማዬ እኮ ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን እያየች ነው።»