የምህረቴ ሰሃን

ይኸነው ምህረቴን ከጫግኒ አምጥቶ እንጅባራ ቤቱ ሲያስገባው ልጁ አምስት ዓመቱ ነበር። ጉሙዝ ነው። አባቱ ከይኸነው ጋር እህል ሲጭን የኖረ ወዳጁ ነበርና ሲሞት ልጁን አደራ አለው። ይኸነውም ለሰው ሁሉ “ልጄ ነው” አለ።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው ታናሽ እህቱ ይታይሽ ናት። መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፤ የወንድሜ ልጆች ቤት ለባዕድ ሊከፈል ነው እያለች ለጎረቤት አወራች። ኋላ ግን ቁጣዋ በረደ። እንዲያውም ለልጁ ከማንም በላይ የምትጨነቀው እሷ ሆነች።

ያስቸገሩት የይኸነው ልጆች ናቸው። የስድስት ዓመቱ አበረ ገና በመጀመሪያው ቀን ጣቱን በምራቁ አርሶ የምህረቴን ክንድ ፈተገው፤ ጥቁረቱ ይለቅ እንደሆነ ሊያይ። ስምንት ዓመት የሆናት እህቱ የምሥራች ደግሞ ዝም ብላ ታየው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የምህረቴን ምግብ መሻማት ጀመሩ። ይታይሽ፣ ከገበታ ይቀድሙታል ብላ ለብቻው በሰሃን ታቀርብለታለች፤ ሁለቱ የራሳቸውን ትተው እሱ ላይ ይረባረባሉ። ትጮህባቸዋለች፣ እጃቸውን ትመታለች፤ ወይ ፍንክች። ልጁ ከሳ። ሆዱን ይዞ ማልቀስ አመጣ። አበረንም አንዳንድ ቀን ያስመልሰው ጀመር፤ ይታይሽ የስስት ነው አለች።

ይኸነው ሥራው መንገድ ላይ ነው። በመጣ ቁጥር የሚሰማው ይኸንኑ ነው። የገዛ ልጆቹ ክፋት አንገቱን አስደፋው። ሲመክራቸው ይሰሙታል፤ ዞር ሲል ያው ናቸው። በመጨረሻ ሁለቱን ጥሊሊ አያታቸው ዘንድ ሊወስዳቸው ቆረጠ፤ ምህረቴ እንኳ በሰላም ይብላ። ይታይሽም ጥሩ አሰብክ አለችው።

በመሄጃቸው ዋዜማ ለምሳ ተቀመጡ። ይታይሽ የምህረቴን ድንች ወጥ በሰሃኑ አቀረበች። የምሥራች እጇን ሰደደች። አባቷ ያዛት።

“ምን በደለሽ? ወንድምሽ አይደለም?”

“ነው እንጂ አባዬ።”

“ታዲያ ምግቡን ለምን ትቀሚዋለሽ?”

ልጅቷ እንባዋ መጣ። አክስቷን ሳታይ ነው የተናገረችው።

“ከእሱ ሰሃን ስንበላ ያመናል። ብቻውን ሲጨርሰው ደግሞ እሱን በጣም ያመዋል። ለሦስት ስንካፈለው ግን ሁላችንንም ትንሽ ትንሽ ነው የሚያመን። ነገ እኛ ስንሄድ ማን ይካፈለዋል?”

ይኸነው የልጅ ወሬ ነው ብሎ ሊያልፈው ነበር። አላስቻለውም። ከምህረቴ ሰሃን አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ እህቱ ዘረጋ።

“እንቺ፣ በሞቴ፣ ጉረሺልኝ” አላት።

ይታይሽ አፏን አልከፈተችም።