የማይንጠባጠበው ሱሪ

ሰፈሩ «የሾፌሩ ሚስት» የሚላት ሴት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ስለዚህ ጨርቅ አይዋሻትም። ናይለን ሸሚዝ በአንድ ሰዓት ይደርቃል። የጥጥ አንሶላ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ጂንስ እግሩ ደርቆ እንኳ ወገቡና ኪሱ እስከ ማታ ያለቅሳሉ። ሱፍማ ግትር ነው፤ ሁለት ቀን ካልተለመነ እሺ አይልም። ሰው «ከራስ በላይ ነፋስ» ሲል እሷ «ከፀሐይ በላይ ነፋስ» ትላለች።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ የጓሮዋን ክፍል ታከራያለች። የምታከራየው ለሴት ብቻ ነው፤ የማታውቀው ወንድ ግቢዋ እንዲገባ አትፈልግም። አዲሷ ተከራይ ፋርማሲ የምትሠራ፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ ናት። «ብቻሽን ነሽ?» ስትባል «ብቻዬን ነኝ እትዬ» ብላ ነው የገባችው።

በሦስተኛው ሳምንት ገመዱ ላይ የወንድ ሱሪ ተሰጣ።

ሰማያዊ ጂንስ ነው፤ ረጅም፣ ወገበ ሰፊ። የሾፌሩ ሚስት በመስኮት አየችው። ሰው ላይ ቶሎ መፍረድ አትወድም። እውነቱን ለመናገር ትወዳለች፤ ግን መጀመሪያ ማስረጃ ትፈልጋለች። በሳምንቱ ሱሪው ተመልሶ ተሰጣ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። የሱሪው ባለቤት ግን ብቅ አላለም።

ከበሯ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅም አይቶታል።

«እትዬ፣ ጋሼ ገብተው ነበር እንዴ? ቅዳሜ ያን የሱፍ ኮታቸውን ገመዱ ላይ አየሁት።»

«ገብቶ ወጣ። የሾፌር ነገር፣» አለች ሳሙናዋን እየተቀበለች።

«የጓሮው ሱሪስ የማን ነው? የእሳቸው አይመስልም።»

«እዚህ ስትውል ወደ ግቢዬ የገባ ወንድ አይተሃል?»

«እኔን ዝንብ አታመልጠኝም፣ እትዬ። እስከ ዛሬ ከጋሼ በቀር ያመለጠኝ ሰው የለም።»

ሳቀላት። እሷ አልሳቀችም፤ ነገሩ አልዋጥላት አለ።

ማክሰኞ ሰማዩ ዳመነ። ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ አልነበረም። የሾፌሩ ሚስት ጠዋት አንሶላዋን አሰጣች፤ ልጅቷም ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ሱሪውን አጠገቡ ሰቀለች። ቀትር ላይ አሮጊቷ ወጥታ ዳሰሰች። አንሶላው ገና ውሃ እንዳዘለ ነው። የሱሪውን ወገብ ጨበጠችው፤ ደረቅ ነው። ኪሱ ውስጥ እጇን ከተተች፤ እሱም ደረቅ ነው። ከሥሩ ያለው አፈር ላይ አንዲት የጠብታ ምልክት የለም። አሸተተችው። ሳሙና ሳሙና ሳይሆን ቁም ሳጥን ቁም ሳጥን ይላል።

ያልታጠበ ሱሪ ማን ያሰጣል?

መልሱ መጣላት። ምልክት ነው። ገመዱ በአጥሩ ላይ ከመንገድ ይታያል። ሱሪው ሲሰቀል ውጭ ለሚጠብቅ ሰው «ዛሬ ግቢው ውስጥ ወንድ የለም፣ ግባ» ማለት ይሆናል። ሾፌር ቤቱ እንደማይውል ደግሞ ሌባም ያውቃል። ፈራች። በገዛ ግቢዋ መፍራትን ከተወች ስንት ዘመኗ ነበር። ያን ቀን በሩን ሁለቴ ቆለፈች። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ልጅቷ ትውጣ ብላ ወሰነች።

ረቡዕ በጠዋት አንኳኳች። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ትራስ፣ አንድ ኩባያ ነው ያለው። ከበሩ ኋላ ግን ትልቅ የወንድ ጫማ ተቀምጧል።

«ሰውየው የት ነው?»

«የቱ ሰውዬ፣ እትዬ?»

«የጂንሱ ባለቤት ነዋ! አጥቤው ነው እንዳትይኝ። በትናንቱ ደመና ጂንስ ለቀትር አይደርቅም። ለማን ነው ምልክት የምትሰጪው? ወይ ንገሪኝ፣ ወይ ዛሬውኑ ክፍሌን ልቀቂ።»

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መሄጃ እንደሌላት ከፊቷ ይነበባል።

«ሰውዬ የለም፣» አለች። «ሱሪውንም ጫማውንም ልባሽ ከሚሸጡት ነው የገዛሁት። ድሮ የነበርኩበት ቤት፣ ብቻዬን መሆኔን ያወቀ ሰው በሬን ሊሰብርብኝ ነበር። ጎረቤት ነው የደረሰልኝ። እዚህ ስመጣ፣ ሱሪ ካዩ ወንድ አላት ይላሉ ብዬ ነው። ማጠቡንማ ምን ብዬ? የለበሰው የለ።»

የሾፌሩ ሚስት ፊቷን አዙራ ወጣች። ልጅቷ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ሳበች። ልብሶቿን መክተት ስትጀምር ከውጭ የቧንቧ ድምፅ ሰማች።

ስትወጣ አሮጊቷ እጅጌዋን ሰብስባ ገመዱ ላይ ያደረውን ሱሪ ሳፋ ውስጥ ትነክራለች። ሳትጨምቀው አወጣችው፤ ኪሶቹን ወደ ውጭ ገለበጠች፤ ከመንገድ በሚታየው በኩል አሰጣችው። ውሃው አፈሩ ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር።

«እኔ ያወቅሁብሽን ሌላውም ያውቅብሻል፣» አለች። «ሁልጊዜ ከመስቀልሽ በፊት ንከሪው። ጂንስ በነፋስ ቀን ቶሎ እየደረቀ ካስቸገረሽ ሱፍ ግዢ፤ ሁለት ቀን ይቆይልሻል።»

«ጋሼ ይህን ቢሰሙ አይቆጡም?»

አሮጊቷ ወደ ባለሱቁ በኩል አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ያንን የጋሼሽን የሱፍ ኮት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጥቤዋለሁ፣ ልጄ፤ ማንም ለብሶት አያውቅም።»