ደሞች

«ደም» ብዙ ቁጥር አለው? አንተ አንባቢው፣ እስቲ ንገረኝ፤ «ደሞች» ይባላል? የዕብራይስጥ አስተማሪዋ በፋብሪካ እሳት የሞተው ወንድሟ ሣጥን አጠገብ ቆማ፣ «የወንድምህ ደሞች ከምድር ወደ እኔ ይጮኻሉ» ብላ አነበበች። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው የፋብሪካው ኃላፊ፣ በዚያ ዕለት በሩን ከውጭ ያስቆለፈው ሰው፣ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ጠጋ አለ። «ተምራለች ይሉናል፤ ሰዋስው እንኳ አታውቅም።»

ሰማችው። ጣቷን ከገጹ ላይ ሳታነሳ፣ «አልተሳሳትኩም፣ ጋሼ» አለች። «በዕብራይስጡ ቃሉ በብዙ ቁጥር ነው የተጻፈው። የሚጮኸው የሟቹ ደም ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ሊወለዱ የነበሩት ሁሉ ደም ነው ይላሉ የጥንት ሊቃውንት። አሁንም ሰዋስው ነው የሚያሳስብዎት?»

ከሣጥኑ ራስጌ የተቀመጠችው የሟቹ እጮኛ ያን ጊዜ ቀና አለች። «ለሴቷም ለወንዱም ስም አውጥተንላቸው ነበር» አለች፣ በዝግታ።

ኃላፊው ኮፍያውን አንስቶ ወደ በሩ አመራ። አስተማሪዋ ቀድማው በሩ ላይ ቆመች፤ አንቱታውንም እዚያው ተወችው።

«ወንድምህ ወዴት ነው?» አለችው። «በጆሮ አይደለም። ሰው ሁሉ እየሰማ መልስ።»