የሙአዊያ ፈቃድ

ከደሴ የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ በሐይቅ ከተማ ሆስፒታል ከዝርፊያ በተረፈው የራጅ ክፍል ኮምፒውተር ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን ስምና ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ ማን ምስል አይቶ ብቻ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያነሳ፣ ማን እንደሚሰርዝ። ራጅ አንሺዋ ፈዲላ ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ ሳታወልቅ አጠገቡ ቆማ ነበር።

«ሙአዊያ የሚባለውስ?» አለ ባለሙያው ስሙን ከስክሪኑ ላይ አንብቦ። «ዛሬ ጠዋትም ገብቷል።»

«ባሌ ነው። እዚሁ ይሠራ ነበር፤ በጦርነቱ ሞተ» አለች፣ የሰው ወሬ እንደምታወራ ሁሉ። «የይለፍ ቃሉን ሁላችንም ስለምናውቀው እስካሁን የምንገባው በሱ ስም ነው።»

«ኢና ሊላሂ!» ባለሙያው እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። «እንግዲያው ላጥፋው፣ እህቴ?»

ፈዲላ የሽርጧን ማሰሪያ ፈታ መልሳ አሰረችው።

«ተወው።»

«ከእንግዲህ የሚሠራው የለም እኮ። ምኑን ልፍቀድለት?»

«ማየት ብቻ።»