መርፌ የሌለው ሽጉጥ

ባሌ አንሴልሞ ከሞተ ወዲህ በየቅዳሜው ወደ ተኩስ ክለባችን ሄጄ የውድድር ሽጉጡን ከተቆለፈበት ሣጥን አውጥቼ፣ ፈትቼ አጸዳለሁ፤ የፓራና ወንዝ እርጥበት እንዳያዝገው። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ አፈሙዙን የባሩድ ጥቀርሻ ሞልቶት አገኘሁ። ደሜ ፈላ።

«የሙት ዕቃ ስትነካ አታፍርም?» አልኩት ወንድሙን ኦስቫልዶን።

«በማርያም፣ ዋርሳዬ!» አለ የማቴ ሻዩን በመምጠጫው እየሳበ። «እኔ በቀኜ ነው የምተኩሰው። እጀታው ለአንሴልሞ ግራ እጅ ልክ የተቀረጸ ነው፤ በምን ልጨብጠው? ደግሞስ የሣጥኑ ቁልፍ አንገትሽ ላይ አይደል?»

«ዝም በል፣ ሌባ! አሳይሃለሁ።»

ሽጉጡን ፈትቼ ወለወልኩት። ጥይቱን የምትመታውን ትንሽ መርፌ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፤ ያለ እሷ ሽጉጡ ተራ ብረት ነው። የቀረውን ገጣጥሜ ቆለፍኩበት።

ዛሬ ኦስቫልዶን እጁን ይዤ ጎትቼ አመጣሁት። ሳምንቱን ሙሉ ከቦርሳዬ ያልወጣችውን መርፌ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለትና ሣጥኑን ከፈትኩ። ጨርቁን በዘንግ አፈሙዙ ውስጥ ባሳልፈው ከሰል መስሎ ወጣ።

«ይኸው! እስቲ አሁን ካድ!» ብዬ ጮህኩበት።

እሱ ግን ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም። ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ፤ የጨበጥኩት እጀታ፣ አንሴልሞ አሁን ገና የለቀቀው ይመስል፣ ሞቋል፤ በላብ ርሷል።